ጣሪያው ላይ ሁለት ጉብታ ለምን? ስለ ሚላኖው ዛጋቶ እና በእጅ ስለሚሠራ ቦዲ

ሚሌቼንቶ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች።

አባቴ ሰይቼንቶ ነበረችው። ነጭ፣ ሞተሯ ከኋላ፣ ዳገት ላይ ስትግል የኋላ ክዳኗን በእንጨት ደግፈን ከፍተን የምንነዳት። ያደግኩት የኋላ ወንበሯ ላይ ነው ማለት ይቻላል፤ ፊያት 600ን ዓይኔን ጨፍኜ በዳበሳ አውቃታለሁ ብዬ አምን ነበር። ባለፈው ሳምንት ግን አንድ ፎቶ አየሁ። አባርት 750 ጂቲ ዛጋቶ ይላል። ከመሬት ብዙም ከፍ ያላለች፣ አፍንጫዋ ክብ፣ ጣሪያዋ ላይ ሁለት ድፎ ዳቦ ጎን ለጎን የተቀመጠባት የምትመስል ትንሽ መኪና። ዝርዝሯን ሳነብ ከስር ያለችው የአባቴ ሰይቼንቶ ሆና አገኘኋት። ወለሉ፣ ባሌስትራው፣ ሞተሩም ራሱ፣ ከ633 ወደ 747 ሲሲ ከፍ ተደርጎ። የቀረውን፣ ዓይን የሚያርፍበትን ሁሉ፣ ሚላኖ ውስጥ ያሉት የዛጋቶ ቦዲ ቤት ሰዎች በመዶሻ ሠርተውታል።

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ አጥቼ ሳነብ ነው የከረምኩት። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ፣ ጥያቄዬን አስከትላለሁ።

ኡጎ ዛጋቶ እ.ኤ.አ. በ1890 ሰሜን ኢጣሊያ፣ ሮቪጎ አካባቢ ተወለደ። ገና ልጅ ሳለ እንጀራ ፍለጋ ጀርመን ኮሎኝ ሄዶ ብረት ማቅለጫ ውስጥ ሠርቷል። ወደ አገሩ ተመልሶ ቦዲ መሥራት ተማረ፤ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ደግሞ ቱሪን ፖሚሊዮ የሚባል የአውሮፕላን ፋብሪካ ገባ። ለእኔ ሙሉ ታሪኩ ያለው እዚህች ላይ ነው። በዚያን ዘመን የመኪና ቦዲ ማለት የፈረስ ሠረገላ ታናሽ ወንድም ነበር፤ ወፍራም የእንጨት አጥንት፣ በላዩ ከባድ ብረት። አውሮፕላን የሚሠራ ሰው ግን እያንዳንዱን ኪሎ ይቆጥራል። ቀጭን አጥንት ያቆማል፣ ቀጭን ቆዳ ይወጥርበታል። ኡጎ በ1919 ሚላኖ ውስጥ የራሱን ቤት ሲከፍት ያንን ዘዴ ወደ መኪና አመጣው። ደንበኞቹም ውድድር የሚወዱ ሆኑ። በ1930 ታዚዮ ኑቮላሪ ሚሌ ሚሊያን ያሸነፈው ዛጋቶ ቦዲውን በሠራለት አልፋ ሮሜዮ 6ሲ 1750 ነው፤ በዚያ ውድድር ታሪክ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት ከ100 ኪሎ ሜትር ያለፈ የመጀመሪያው ሰው እሱ ነበር።

ጥያቄዬ ይኸው። ጣሪያው ላይ ያሉት ሁለት ጉብታዎች ሄልሜት ላደረገ ሾፌር ጭንቅላት ቦታ እንዲሰጡ ነው ይባላል። ይሁን። ታዲያ ጣሪያውን በሙሉ ትንሽ ከፍ ማድረግ አይቀልም ነበር? ያንን ሁሉ ልፋት ለምን መረጡ? በእጅስ እንዴት ተሠራ?

---

ካምቢዮ

ወንድሜ፣ የመጀመሪያውን በአጭሩ ልመልስልህ። አንድ መኪና ከፊት ሲታይ አየሩን የሚገፋበት ስፋት አለ። ጣሪያውን በሙሉ 5 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብታደርግ ያ ስፋት ከዳር እስከ ዳር ይጨምራል። ጭንቅላት ያለበትን ብቻ ብታነሳ፣ መሃሉ ዝቅ እንዳለ ይቀራል። የአባርት 750 ሞተር ደግሞ ትንሽዬ ነው፤ ጉልበት የለህም፣ ስለዚህ አየሩን ላለመግፋት ትታገላለህ። ትልቅ ሞተር ያለው ሰው ይህን ሁሉ አይጨነቅበትም።

የኡጎ ልጅ ኤሊዮ ራሱ ተወዳዳሪ ሾፌር ነበር። ከመሪው ኋላ ተቀምጦ ጣሪያ ሲነካው ያውቀዋል። ባለ ሁለት ጉብታው ጣሪያ በእሱ ዘመን የቤቱ መለያ የሆነው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ፊያት 8ቪ ላይ፣ ላንቺያ አፒያ ላይ፣ በኋላም ብዙዎቹ ላይ አለ። ከዛጋቶ ውጭም ፔዦ አርሲዜድን ያየ ሰው ያውቀዋል።

---

መዶሻና ላሜራ

ሚሌቼንቶ ልጄ፣ የጠየቅከው የእኔን ሙያ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። 31 ዓመት በባትላሜራ ሥራ ላይ ነኝ።

መጀመሪያ አንድ ነገር። «ባትላሜራ» የሚለው ቃላችን ራሱ የእነዚያ ሰዎች ቃል ነው። ጣሊያኖቹ ባቲላሚዬራ ይላሉ፤ ባቴሬ መምታት ነው፣ ላሚዬራ ላሜራ ነው። ኮፋኖ፣ ፓራፋንጎ፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ፣ ቸርኬ፣ ፍሪሲዮን፣ እጃችን ላይ ያለው መሣሪያና ዕቃ ግማሹ በእነሱ ስም ነው የሚጠራው። እኔ ስሙን የወረስኩት ከአስተማሪዬ ነው፣ እሱም ከአስተማሪው። ኡጎ ዛጋቶ ጋራዥ ውስጥ የሚሠራ ሰው «ሥራህ ምንድነው?» ቢባል የሚመልሰውና እኔ የምመልሰው አንድ ቃል መሆኑን ሳስብ ደስ ይለኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ። ካምቢዮ ስለ አየር የተናገረው ልክ ነው፤ ግን ባትላሜራ የሆነ ሰው ሌላም ያያል። ቀጭን አሉሚኒየም ዝርግ ሆኖ ሲቀር ይርገበገባል። ጣሪያ ያህል ስፋት ያለውን ዝርግ ላሜራ በሁለት እጅህ ይዘህ ብትነቀንቀው እንደ ነጎድጓድ ይጮሃል። መንገድ ላይም ይጮሃል፣ ነፋስም ይመታዋል፣ ቆይቶ ይሰነጠቃል። እንዳይርገበገብ ከስር ብረት ትደግፋለህ፤ ያኔ ክብደት ጨመርክ፣ የለፋህበትን አፈረስክ። ጉብታ ስታወጣለት ግን ራሱን ይሸከማል። ዕንቁላል ቅርፊቱ ቀጭን ሆኖ የሚበረታው ጎባጣ ስለሆነ ነው። ሁለት ጉብታና መሃሉ ላይ አንድ ሸለቆ ማለት ያለ ምንም ተጨማሪ ብረት ሦስት አጥንት ማለት ነው። እኔ ጣሪያውን በፎቶ እንዳየሁ መጀመሪያ የመጣልኝ ይኸው ነው።

እንዴት ይሠራል ላልከው፤ እኔ አሉሚኒየም የተማርኩት ላንድሮቨር ላይ ነው፣ የድሮው ላንድሮቨር ቦዲው አሉሚኒየም ስለሆነ። የመጀመሪያ ቀን አንድ በር በጋዝ ላሞቅ ብዬ አቃጠልኩት። ብረት ሲሞቅ ይቀላል፣ ቀለሙ ይነግርሃል። አሉሚኒየም አይቀላም። እንደነጣ ቆይቶ ድንገት ከፊትህ ፈስሶ ይወርዳል። እጄ ላይ ቀዳዳ ያለው በር ይዤ ቆሜ ቀረሁ፣ ዋጋውንም ከደመወዜ ከፈልኩ። አስተማሪዬ ያኔ ነው ሳሙና ያሳየኝ። ላሜራውን ደረቅ ሳሙና ትቀባዋለህ፣ እሳቱን እያንቀሳቀስክ ታሞቃለህ፣ ሳሙናው ቡናማ ሆኖ ሲጠቁር እሳቱን ታነሳለህ። በቃ ለስልሷል። ሲቀዘቅዝ እንደ ቆዳ ይታዘዝሃል። መምታት ስትጀምር እንደገና ይደድራል፣ እንደገና ሳሙና፣ እንደገና እሳት።

ቅርጹን የምታወጣው የእንጨት መዶሻ ይዘህ፣ አሸዋ የሞላ የቆዳ ከረጢት ላይ ወይም መሃሉ የተቦረቦረ ግንድ ላይ ነው። ሲጀመር ያስፈራል፤ ላሜራው ይጨማደዳል፣ የተበላሸ ይመስላል። ከዚያ በብረት መዶሻና ከስር በተደገፈ ብረት ታለሰልሰዋለህ። ክፍሎቹን በጋዝ ትበይዳለህ፣ ስፌቱን ትመታለህ፣ ትሞርደዋለህ። ስቱኮ የለም። ስቱኮ ክብደት ነው።

---

እርሳስ

ጋሼ መዶሻ፣ እግዜር ይስጥልኝ። የኢንዱስትሪ ዲዛይን ተማሪ ነኝ፤ በሦስት ዓመት ትምህርቴ ጉብታው ላሜራውን ያጠነክራል ብሎ የነገረኝ ሰው የለም። ማስታወሻዬ ላይ ጽፌዋለሁ።

እኔ ደግሞ ስለ መኪናው ጭራ ልጨምር። ኤርኮሌ ስፓዳ የሚባል ልጅ በ1960 ዛጋቶ ተቀጠረ፤ ዕድሜው ገና በሃያዎቹ መጀመሪያ ነበር። የመጀመሪያ ሥራው አስተን ማርቲን ዲቢ4 ጂቲ ዛጋቶ ነው። አስቡት፣ ገና ከመግባቱ የሰጡት መኪና ዛሬ በዓለም ላይ ከሚወደዱት አንዱ ሆነ። በዚያው ዓመት ለንደን የመኪና ትርዒት ላይ ቀረበ። 25 ሊሠሩ ታስቦ 19 ብቻ ተሠሩ። ሻንሲው ከእንግሊዝ አገር ሚላኖ ይመጣል፣ እዚያ ቦዲው ይለብሳል። ከፊት ስታዩት አፉ ለስላሳ ነው፣ የኋላ ፓራፋንጎዎቹ ደግሞ ሊዘል እንደተዘጋጀ እንስሳ ጭን ያበጡ ናቸው፤ በመሃል አንድም የሚሰበር መስመር የለም። ፓራውልት የለውም። ሳልኩት፣ ደግሜ ሳልኩት፣ እስካሁን አልወጣልኝም።

ጭራውን ላስረዳ። ድሮ አየር በደንብ እንዲያልፍ መኪናው ወደ ኋላ ረዝሞ እየቀጠነ መሄድ አለበት ይባል ነበር፣ እንደ ውሃ ጠብታ። ጀርመናዊው ምሁር ቩኒባልድ ካም ግን በ1930ዎቹ ጭራው በትክክለኛው ቦታ ቢቆረጥ አየሩ ያልተቆረጠ ያህል እንደሚፈስ አሳየ። ስፓዳና ኤሊዮ ይህን አልፋ ጁሊዬታ ኤስዜድ ላይ ሞከሩት። መጀመሪያ ክብ ጭራ የነበራት መኪና በኋላ ጭራዋ ተቆርጦ «ኮዳ ትሮንካ» ሆና ወጣች፣ የተቆረጠ ጭራ ማለት ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን ስታዩ እኅትማማቾች መሆናቸው ያስታውቃል፤ ሁለተኛዋ ግን ቆራጥ ናት።

---

የሚላኖ ነዋሪ

እርሳስ እኅቴ፣ ጁሊዬታ ኤስዜድን ካነሳሽ አመጣጧን ልንገርሽ፤ ጋሼ መዶሻም ይወዱታል። የተወለደችው ከግጭት ነው። በ1956ቱ ሚሌ ሚሊያ ላይ የሌቶ ዲ ፕሪዮሎ ወንድማማቾች አልፋ ጁሊዬታ ስፕሪንት ቬሎቼ ተጋጨች። ቦዲዋ ተጨፈላለቀ። ባለቤቶቹ እንደነበረች ከማስጠገን ይልቅ ዛጋቶ ጋ ወስደው አዲስ የአሉሚኒየም ልብስ አለበሷት። ስትወጣ ከ100 ኪሎ በላይ ቀልላለች፣ ገብታም ታሸንፍ ጀመር። ሌሎች ተወዳዳሪዎች አይተው መኪናቸውን እየያዙ መጡ። አልፋ ሮሜዮ መጨረሻ ላይ ራሱ ሻንሲ እየላከ በይፋ ወደ 200 አሠራ። አንድ ባትላሜራ ቤት የገባ የተጋጨ መኪና ይህን ሁሉ አመጣ።

እኔ ከሚላኖ ወጣ ብሎ «ሮ» የምትባል ከተማ አጠገብ ነው የምኖረው፤ ዛጋቶ በ1960ዎቹ መጀመሪያ ፋብሪካውን ያዛወረው እዚህ፣ ቴራዛኖ ነው። ከዚያ በፊት የነበረው ቤታቸው ሚላኖ ውስጥ በ1943፣ ነሐሴ ውስጥ፣ በቦምብ ወድሟል። ኡጎ ያኔ ሃምሳ ዓመት አልፎታል። ሳሮኖ ሄዶ ቆየ፣ ጦርነቱ ሲያልቅ ተመልሶ ሚላኖ ላይ እንደገና ጀመረ።

ቅዳሜ ቅዳሜ ፖርታ ቬኔዚያ ከአገር ልጆች ጋር ቡና እንጠጣለን። አንድ ቀን ሁለት ጓደኞቼን አስከትዬ አሬዜ ያለው የአልፋ ሮሜዮ ሙዚየም ሄድን። ቲዜድ እዚያ ቆማለች። ቱቦላሬ ዛጋቶ፣ ከውስጥ በቀጫጭን ቱቦ የተበየደ አጥንት ያላት፤ ሞተሯ 1570 ሲሲ፣ ክብደቷ 660 ኪሎ ገደማ። በ1964 «ለ ማን» እና «ታርጋ ፍሎሪዮ» በሚባሉት ውድድሮች ላይ ከምድቧ አንደኛ ወጥታለች። ፎቶ ላይ ትልቅ ትመስላለች፤ አጠገቧ ስትቆም ጣሪያዋ ወገብህን ብዙም አያልፍም። ጎንበስ ብዬ ጎኗን ከብርሃኑ ጋር አየሁት። ላዩ እንደ ፋብሪካ ላሜራ ቀጥ ያለ አይደለም፤ ብርሃኑ ሲሄድበት ውሃ ላይ እንደሚሄድ በትንሹ ይወዛወዛል። የመዶሻው አሻራ ነው። አንዱ ጓደኛዬ «ተጎድታለች እንዴ?» አለኝ። እኔ ግን ከዚያች ቦታ መነሳት አቃተኝ።

---

ናፍታ

ታሪኩ ደስ ይላል፣ አላጣጥልም። ግን የዛሬው ዛጋቶ ከዚያ ጋር ምን ያገናኘዋል? አስተን ማርቲን ቫንኩዊሽ ዛጋቶ ኩፔው 99፣ ክፍቱ 99፣ ሌላው 28፣ ሌላው 99 ተሠራ። ውድድር አይገቡም። ሰብሳቢ ሀብታም ገዝቶ ጨርቅ አልብሶ ያስቀምጣቸዋል። በ2019 ደግሞ አስተን ማርቲን የዲቢ4 ጂቲ ዛጋቶን 19 አዳዲስ ቅጂዎች ሠርቶ ከአንድ ዘመናዊ መኪና ጋር አጣምሮ ጥንዱን በ6 ሚሊዮን ፓውንድ ሸጠ። ኡጎ የሠራው ለማሸነፍ ነው። ይህ ለምንድነው?

እና ደግሞ ያ «ኢል ሞስትሮ» የሚባለው አልፋ ኤስዜድ፣ የ1989ኙ፣ ይቅርታ አድርጉልኝና ከስፓዳ መስመር በኋላ እሱን የሠራ እጅ ያው ነው ብዬ መቀበል ይከብደኛል።

---

ካምቢዮ

ናፍታ፣ ሁለተኛው ላይ ላርምህ። ሞስትሮን ዛጋቶ አልነደፈውም። መስመሩ የወጣው ከፊያት የዲዛይን ማዕከል ነው፣ ሮበርት ኦፕሮንና አንቶኒዮ ካስቴላና ናቸው የሠሩበት። ዛጋቶ የገጣጠመው ነው፤ ቦዲውም ላሜራ ሳይሆን ከፕላስቲክ የተሠራ ሆኖ ብረት አጥንት ላይ የተጣበቀ ነው። ከስር አልፋ 75 አለች፣ ባለ 3 ሊትር ቪ6 ሞተር። አንድ ሺህ ትንሽ አለፍ ብሎ ተሠርቷል። እኔ በበኩሌ እወደዋለሁ፤ መንገድ ላይ እንደ እሱ የሚይዝ መኪና በዚያ ዘመን ጥቂት ነው። «ሞስትሮ» ማለት «ጭራቅ» ማለት ነው፤ ይበሉት።

---

ለንደን ያለሁ

ናፍታ የመጀመሪያው ጥያቄህ ይገባኛል፣ እኔም አስቤበታለሁ። ግን አንድ ነገር ላንሳ። እንግሊዝ፣ ጉድዉድ ውድድር ሜዳ ላይ 2 ቪኢቪ የሚል ታርጋ ያላትን ዲቢ4 ጂቲ ዛጋቶ አይቻለሁ። ይህች መኪና በ1962 እዚያው ሜዳ ላይ ጂም ክላርክ ሲነዳት ተሽከርክራ የጆን ሰርቲስን ፌራሪ ጂቲኦ ይዛ የወጣች ናት። ቦዲዋ ተጎድቶ እንደገና ተሠርቷል። በ2018 በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ተሸጣለች። ዕድሜዋ ገፍቶም ሜዳ ላይ ወጥታለች። ላሜራዋ ይጋጫል፣ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በመዶሻ ይመልሳታል።

ከ19ኙ አንዱም ከሌላው ጋር አይመሳሰልም። አንዱ የፊት መብራቱ ገባ ይላል፣ የሌላው የኮፋኖ ጉብታ ይለያል። ከአንዱ የተነሳ በር ለሌላው አይገጥምም። ስለ 2019ኞቹ ቅጂዎች የምለው፣ እነሱም በእጅ ነው የተመቱት፣ እንዲህ ዓይነት ሥራ እስካለ ወጣቶችም ሙያውን ይማሩበታል። ዋጋው የእኔም የአንተም ዓለም አይደለም። መዶሻ የሚይዝ አዲስ ሰው ማፍራቱን ግን እንደ ትንሽ ነገር አላየውም።

---

ናፍታ

መዶሻ የሚይዝ ሰው ማፍራቱ ላይ እስማማለሁ። ቀሪው ላይ አቋሜ ያው ነው፤ ለውድድር የተሠራ መኪና መወዳደር አለበት።

---

መዶሻና ላሜራ

ለንደን ያለው ልጅ «በር ለሌላው አይገጥምም» ሲል እጄን አሳከከኝ። በእጅ የተሠራ ሲባል እንደዚያ ነው። ግራና ቀኙን እንኳን አንድ ዓይነት ማድረግ የሙያው ፈተና ነው፤ የግራውን ያወጣኸው ጠዋት ነው፣ የቀኙን ከሰዓት ደክሞህ።

ሚሌቼንቶ፣ የምትኖረው አዲስ አበባ ከሆነ ቅዳሜ ና። የአሮጌ ላንድሮቨር የበር ላሜራ አለኝ፣ ዝርግ ነው። ጉብታውን ራስህ አውጣው። በውስጥ መልእክት አድራሻዬን ልኬልሃለሁ።

---

ሚሌቼንቶ

ሄድኩ። ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 11 ሰዓት ጋሼ ጋራዥ ነበርኩ፤ ክንዴ አሁንም ይንቀጠቀጣል።

መጀመሪያ ላሜራውን በሁለት እጄ አስያዙኝና «ነቅንቀው» አሉኝ። ያሉት ነጎድጓድ ወጣ። ከዚያ ሳሙና፣ እሳት። ሳሙናው ቢጫ ሆነ፣ ቡናማ ሆነ፣ ጥቁር ሲሆን «አንሳ!» ብለው ጮሁ። አሸዋው ከረጢት ላይ አስቀምጬ በእንጨት መዶሻ ከዳር ወደ መሃል እየዞርኩ መታሁ። ሃያ ደቂቃ ያህል የተጨማደደ ሳፋ ይመስል ነበር፤ እንዳበላሸሁት እርግጠኛ ሆኜ አቆምኩ። ጋሼ ምንም አላሉም፣ ብረቱን መዶሻ ሰጡኝ። ጭምድዱ አንድ በአንድ እየገባ ጠፋ። ከምሳ በፊት የድስት ክዳን የሚያህል አንድ ጉብታ ወጣልኝ።

አውራ ጣቴን ጉብታው አናት ላይ አድርጌ ተጫንኩት። አልነቃነቅም። ከጎኑ ያለውን ዝርግ ቦታ በአንድ ጣት ስጫነው ጧ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። ያው አንድ ላሜራ ነው፣ አንድ ውፍረት። ሰሞኑን ሁሉ ያነበብኩት ያኔ ነው የገባኝ፤ እነዚያ ሰዎች የሰይቼንቶን ወለል ተረክበው ይህን ጣሪያ ሲያለብሱት ምን እንዳሰቡ በጣቴ ነካሁት።

ከሰዓት ሁለተኛውን ጀመርኩ። ጎን ለጎን ስናያቸው ሁለተኛው 8 ሚሊ ሜትር ዝቅ ይላል፣ ጫፉም ወደ ግራ ዘመም ብሏል። ደክሞኝ ነበር። ጋሼ፣ ይህ ይስተካከላል ወይስ ሌላ ላሜራ ይሻላል?

---

መዶሻና ላሜራ

ይስተካከላል፣ ላሜራው ገና አልቀጠነም። ዝም ብለህ በዓይንህ እንዳትመታው ግን። መጀመሪያ ካርቶን ውሰድና የደህናውን ጉብታ ጎን ከአናቱ እስከ ዳሩ ልኩን ቁረጥበት። ከዚያ ካርቶኑን ገልብጠህ ሁለተኛው ላይ አስቀምጠውና ከኋላው በባትሪ አብራ። ብርሃን የሚያሾልከው ቦታ ገና ያልወጣው ነው፤ በእርሳስ ምልክት አድርግበት። ወደ ግራ የዘመመው ጫፍ ላይ ካርቶኑ ይደገፋል፣ እዚያ አትንካ። ሳሙና አለኝ፣ ካርቶን ብቻ ይዘህ ና። ቅዳሜ 3 ሰዓት ጋራዥ ነኝ።